መዶሻውን ያላየው መለኪያ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት ብረት በይጃለሁ፤ «ብየዳህ ተሰነጠቀ» ያለኝ ሰው የለም። ያን ጠዋት ግን ምራቴ ሩፈይዳ አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ሩፈይዳ ኮሌጅ ታስተምራለች። ጅማ ላይ ባሕር የለም፤ እሷ ግን እኔ በሠራሁላት የብረት ገንዳ ውስጥ ማዕበል እያስነሳች፣ ማዕበሉ ተሰብሮ ባሕር መሀል በቆመ ምሰሶ ላይ ሲወድቅ በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ ትተነብያለች። ባሏ፣ ልጄ ፋሂም፣ ባሕር ላይ ባለ የመርከብ ማራገፊያ በያጅ ነው። ማዕበሉ ሦስት ሜትር እስኪደርስ በታችኛው መድረክ ይሠራ የተባለው በእሷ ቁጥር ነው።

ገንዳዋ ውስጥ የሚቆመውን፣ እኔው የበየድኩትን ትንሽ ምሰሶ ከነኃይል መለኪያውና ከነላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«አባ፣ ውሃው የመታው በአርባ ኪሎ ብቻ ነው። ለዚህ መሰንጠቅ አልነበረበትም። ምናልባት ቸኩለው ይሆን?»

«ወላሂ፣ የኔ ብየዳ መቶ ኪሎ ይሸከማል!»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ በበየድኩት ዕለት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለዋለ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ጥርጣሬዬን በቁጣ ሸፈንኩት። መዶሻ አንስቼ ምሰሶውን ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።

«ይሄስ ስንት ነው?»

ላፕቶፑን አየች። «አሥራ ሁለት ኪሎ።»

ደገምኩ። ዘጠኝ አለ። ሦስተኛውን ጨርሶ አላየውም።

«ሚዛንሽ ተኝቷል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?»

«በሰከንድ አሥር ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው። የሚሰበር ማዕበል እንደ መዶሻዎ ነው፤ በሁለት ንባብ መሀል መትቶ ያልፋል። ትልቁን ምት አላየሁትም፣ አባ። ፋሂም ደግሞ ዛሬ ታችኛው መድረክ ላይ ነው።»

ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። በአራተኛው ተነሳ። ነፋሱ ያፏጫል።

«ውጡ! አሁኑኑ፣ ሁላችሁም!»

«ሁለት ሜትር ተኩል እኮ ነው፤ ባንቺ ቁጥር ገና...»

«ቁጥሬ ተሳስቷል!»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ መላልሳ ብትደውልም አልገባላትም።

ፋሂም የደወለው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። የመጨረሻው ሰው መሰላሉን ወጥቶ እንደጨረሰ አንድ ማዕበል መድረኩን ከነማሽኑ ወስዶታል። «አባ፣ የኔ ብየዳ ግን አልለቀቀም፤ ብረቱ ነው ከብየዳው ጎን የተቀደደው» አለኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የሩፈይዳን ምሰሶ አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ይዤ ወጣሁ። ስንጥቁ ከብየዳው ጎን አልነበረም። የተሰነጠቀው ራሱ ብየዳዬ ነው። ደህና አድርጌ በይጄው ቢሆን ኖሮ ሩፈይዳ ያን ጠዋት ወደኔ አትመጣም ነበር።