የእድሩ ዝርዝርና የእትዬ ጽጌወይን ዕድሜ

ናኦድ ላስ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ቢንገዳገድም በኮምፒውተር የማይታማ ልጅ ነው። በ2021 መጀመሪያ የኮሮና ክትባት ሰባ ዓመት ለሞላቸው ሲፈቀድ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይሉ ሥራውን እሱ ላይ ጣሉት፤ ሰባ የሞላቸውን አባላት ለይቶ፣ ወደ ክትባቱ ለሚያደርሷቸው ሾፌሮች ዝርዝር እንዲሰጥ።

አባላቱ የትውልድ ቀናቸውን የሞሉት በአማርኛ ቅጽ ነበር። ዳታቤዙ ደግሞ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የት ያውቅና። ናኦድ ቀኑን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ዳታቤዙ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል፣ ራሱ ጻፈ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰርቨሩ አልቀበልም እያለ አናቱን አዞረው። በአራተኛው ቀን ሲጫንለት ከደስታው ብዛት በአባቱ ልደት ብቻ ሞክሮ ዝርዝሩን አወጣ።

እትዬ ጽጌወይን አልነበሩበትም። እናቱ ካዚኖ ሺፍት ስትገባ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ደወሉለት።

«የኔ ልጅ፣ እነ አስካል ተከተቡ። እኔስ?»

«ቼክ አደረግሁ እትዬ። ሲስተሙ ስልሳ ሦስት ነዎት ይላል።»

«ሰባ ያለፍኩ መስሎኝ!» ሳቁ። «መቼ በውል አውቄው። ይሁን፣ አንተ ካልክ እጠብቃለሁ።»

ያኔ መጠርጠር ነበረበት፤ አልጠረጠረም። በሁለተኛው ሳምንት ኮሮና ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይገባም ተባለ።

ናኦድ ያን ዕለት ቅጻቸውን ከፍቶ ክው አለ፤ 1/1/1950። በሱዳን በኩል በስደት ከመጡት ውስጥ ልደቱን በውል የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ለቀሩት በስደተኛ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ አንድ እየተባለ ተሞላላቸው። እሳቸውም ያንኑ ከመታወቂያቸው ገልብጠዋል። ኤክስቴንሽኑ ቀድሞውንም የፈረንጅ የሆነውን ቀን እንደገና ቀይሮ ስምንት ዓመት ቀነሰላቸው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ናኦድ ግን ምኑን ይልቀመው። ኤክስቴንሽኑን አስተካክሎ እንደገና ለመጫን ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። እትዬ ጽጌወይን፣ ሰባ አንድ። አብረዋቸው አሥራ አንድ ሰዎች ብቅ አሉ፤ የእነሱን ስም ለሾፌሮቹ ላከ። ለእሳቸው የሚላክ ሾፌር አልነበረም።

ሆስፒታል ሲደውል ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ተው የኔ ልጅ» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ኮምፒውተሩ ነው... የተሳሳተው። አንተ ምን አደረግህ?»

ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ብቻ እንዳደረገ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ነርሷ ግን የመተንፈሻ ቱቦ ሊገባላቸው መሆኑን ነግራው ስልኩን ዘጋችው።