የሰዓቶቹ ቤትና የግንቡ ቀዳዳ

ባሌ አቶ እንደሻው ሃያ ዓመት ጉምሩክ ሲጽፉ ኖረው፣ ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራውን ለልጆች ለቀቁና ቤት ዋሉ። ወንድ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል ባሏ የዋለባት ታውቀዋለች። መጀመሪያ ወጡ ጨው በዛው አነሰው ይላሉ። ቀጥሎ የዶሮዎቼን እንቁላል መቁጠር ጀመሩ። በሦስተኛው ወር ግን አንድ አርመን ሊጥላት ያወጣትን የቆመች የግድግዳ ሰዓት አቅፈው መጡ፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቹም እኔም ተገላገልን።

ተገላገልን ብዬ ነበር። ሰዓት ለካ አንዴ ከተፈታ የማያልቅ ነገር ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርስ ብዛቱ! አልጋው ላይ ጥርስ፣ መሶቡ ሥር ሽቦ። አንዲት ብሎን ሳምንት ሙሉ ስትፈለግ ከርማ ምስር ወጥ ውስጥ ነክሻት መንጋጋዬ ተሰነጠቀ። እሳቸው «አገኘሻት?» ብለው ደስ አላቸው።

አንዷን ሰዓት ሌሎች እየተከተሏት አሥራ አንድ ሆኑ። አንዱ ሦስት ሲል ሌላው ዘጠኝ ይላል። ምነው አይስማሙም ብላቸው፣ የፈረንጁን በፈረንጅ ቆጠራ፣ የእኛን በእኛ ነው የሞላኋቸው አሉኝ። ስለዚህ እኛ ቤት ምሳ ቀርቦ ግማሹ ግድግዳ ገና ማለዳ ነው ይል ነበር።

አንድ ቀን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ሄደው ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። አንድ ግሪክ ነጋዴ ለአውቶሞቢሉ ብቻዋን የቆመች ቤት ሠርቶለት አይተው ነው። ጋራዥ ትባላለች አሉኝ።

«ተናኜ፣» አሉኝ፣ «ለአንድ መኪና ቤት ከተሠራለት፣ ለአሥራ አንድ ሰዓቶች አንዲት ክፍል ትበዛባቸዋለች? ከቤቱ የተነጠለች፣ ትንሽዬ። አንቺም ከብሎኑ ታርፊያለሽ። ግቢው ያንቺ ነው፣ እሺ ካልሽ ነው።»

ግቢው እውነትም የእኔ ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። የት እንደሚሠሩት በጣታቸው ሲያሳዩኝ መልሼ ገጠምኩት።

ያሳዩኝ ጥግ በኤረር በር በኩል ያለው ነው፣ ከጎረቤት በሚለየን የግቢው ግንብ ሥር። እዚያ ግንብ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። አንድ ክረምት ዝናቡ አንድ ድንጋይ ጣለ፣ ልድፈነው ሲሉኝ ይደርሳል አልኳቸው፣ እንዲሁ ይደርሳል እያልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ከቀዳዳዋ ወዲያ ጎረቤቴ ዐዚዛ አለች። ባሏ ዐብዱልሐሚድ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ዐዚዛ የአቦከር ሰፈርን ወሬ ታመጣለች፣ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን እሰጣታለሁ። በጀጎል ውስጥ የታጨ፣ የተፋታ፣ የተኳረፈ፣ በዚያች ቀዳዳ ያላለፈ የለም።

በበር አትሄጂም ወይ ለሚለኝ፦ በበር ከሄዱ እንግዳ ነው። ይነጠፍልሻል፣ ይቀርብልሻል፣ ወሬው ይበርዳል። በቀዳዳ ግን ቤተኛ ነሽ።

ይህንን ለባሌ እንዳልነግራቸው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ግንቡ ሰጥቼ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩና ውዳሴ ማርያም የምደግም ይመስላቸዋል። እኔ ጸሎት ነው ብዬ አልዋሸሁም። አይደለምም አላልኩም። ለሰው ሁሉ «የእኔ ሚስት ፊደሉ ሳይኖራት በቃሏ ይዛዋለች» እያሉ ሲመኩብኝ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ታዲያ ያን ቀን እሺ ሳልላቸው ስቀር ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለጸሎትሽ አታስቢ። ከክፍሏ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል እሰቅልልሻለሁ፣ አንቺም ዝናብ አይመታሽም፣ እኔም ሥራዬን እየሠራሁ ድምፅሽን እሰማለሁ።»

ደግ ሰው ምን ይደረጋል? ጅብ ያድርበታል አልኳቸው፣ መዝጊያ ይኖረዋል አሉ። ምስጥ ይበላዋል ስላቸው ድንጋይ ነው አሉ። ስለ ጋራዧ ለዐዚዛ ስነግራት እሷ ሳቀች። «ጋር ማለት በእኛ በጀጎሎቹ ቋንቋ ቤት ነው፣ ዥዋን ግን አላውቃትም» አለችኝ። ሳቋን ስትጨርስ ግን፣ ቀዳዳዋስ ብላ ጠየቀች። ለዚህ አንድ ነገር አደርጋለሁ አልኳት። ያደረግኩት ነገር ነው እንግዲህ ጉዱ።

ገላነሽ የምትባል ጎረቤት አለችን፣ ምስጢር ሆዷ ካደረ የሚያማት። ለእሷ የነገርሽው እስከ ማታ ኤረር በር ደርሶ ይመለሳል። መንደሩ ትንሽ ቢስቅባቸው አፍረው ይተዉታል ብዬ፣ ሽንኩርት ልትበደር ስትመጣ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ምን ልንገርሽ ገላነሽ፣ እንደሻው ጠዋት ማታ ሲቀጠቅጡ ነው የሚውሉ። አሁን ደግሞ መቀጥቀጫ ቤት ካልተሠራልኝ ብለው ይዘውኛል።»

በቃ ይህችው ናት። ይጠግናሉ ብል ኖሮ ሰዓት ጠጋኝ ነበር የሚባሉት፣ ሰውም ሰዓቱን ይዞ ይመጣ ነበር። ይቀጠቅጣሉ አልኩ። ከይቀጠቅጣሉ እስከ ቀጥቃጭ ስንት እርምጃ ነው? እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እንላለን። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን ዓይኑን እንሸሻለን።

ቅዳሜ ገበያ ለተማርያም የምትባል ሴት በርበሬ ስመርጥ ጎኔ መጣችና፣ የአቶ እንደሻው ቅድመ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ አሉ፣ ደሙ ነው የጠራቸው ብላ አንሾካሾከችልኝ። ሌሊት ሌሊትም ጅብ ሆነው በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ይወጣሉ አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬያቸው ስተኛ ከሚያንኮራፋ ሰው በቀር ያየሁት የለም ልላት አሰብኩ። ግን ሳቄ መጣና ሳቅሁ። ያን ቀን መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በወሩ አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ነበር። ጠላው ተቀዳ፣ ጽዋው ከእጅ እጅ ዞረ። ባሌ ጋ ደረሰ፣ ጠጡ፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ለአሰፋ፣ ለገላነሽ ባል፣ አቀበሉት። አሰፋ ጽዋውን አፉ ላይ ከማድረሱ በፊት ከንፈር የነካበትን በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ቀስ ብሎ፣ እንዳይታይ ብሎ። ማዶ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

እሳቸው ሁለቱንም አዩ። እንጀራቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ።

ቤት እንደገባን ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አወረዱና ጆንያ ውስጥ ሳይሆን እንደ ሕፃን በኩታ እየጠቀለሉ ሣጥን ውስጥ አስተኟቸው። ቤቱ ዝም አለ። ያ ሁሉ ኳኳታ ሲያናድደኝ ከርሞ፣ ዝም ሲል እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ትሄዳለች፣ እሳቸው አይሄዱም። እንቁላሎቹን እንኳ አልቆጠሩም።

«ክፍሏን ተይው ተናኜ፣» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ሰው አልወደደውም። ማን እንዳስወራብኝ ግን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ልጣላው አይደለም። ምን እንደበደልኩት ልጠይቀው ነው።»

የምበላውን ቆሎ እዚያው አስቀመጥኩ።

ወደ ግንቡ ሮጥኩ፣ ለዐዚዛ ሁሉንም አፈሰስኩላት። ዓይኗን በቀዳዳዋ አየሁት፣ አትስቅም።

«ወላሂ ተናኜ፣» አለች፣ «የእኔ ባል ቁርኣን ሲጠርዝ ቆዳውን በመዶሻ ነው የሚመታው። እኛ ያንን እጅ እንስመዋለን። የባልሽን እጅ ሰው አላረከሰውም፣ አንቺ ነሽ። ለዚች ቀዳዳ ብለሽ ነው? እኔ በር የለኝም እንዴ?»

ሌላ ሰው እንደዚያ አናግሮኝ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳዋን በእጄ እደፍንበት ነበር። የእሷ ግን ገባኝ። ለገላነሽ ሌላ ወሬ ልንገራትና ያኛውን ላሽረው ወይ ብዬ አማከርኳት። ወሬማ ወሬን ያሰባዋል እንጂ መች ይገድለዋል አለችኝ።

የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። ሰው መጣ፣ ማኅበር አይቀርምና፣ ግን እንጀራው እንደ መርዝ በጣት ጫፍ ነው የሚነካው። የደብሩ መሪጌታ ተክለጻድቅ ጸሎቱን አድርሰው ጽዋው መዞር ጀመረ። ባሌ እጅ ሲገባ ተነሣሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ብዙ ሰው ፊት ያወራሁት ወሬ እንጂ እውነት አልነበረም።

«ቀጥቃጭ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ፣» አልኩ። «ለገላነሽ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሰዓት ይጠግናሉ እንጂ ብረት አልቀጠቀጡም፣ ቢቀጠቅጡስ ምን ነበረበት? ክፍሏ እንዳትሠራ ብዬ ነው። እዚያ ግንብ ላይ ከዐዚዛ ጋር የማወራባት ቀዳዳ አለችኝ፣ እንዳትዘጋብኝ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት የምደግመውም ውዳሴ ማርያም አይደለም። ወሬ ነው።»

ገላነሽ ወዲያው፣ እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩ እትዬ፣ አንድም አልጨመርኩ አለች። ቅድመ አያቱን ማን ጨመራቸው ታዲያ ሲላት ባሏ፣ ሰዉ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። ከቦታቸው ተነሥተው ባሌ ጎን ተቀመጡ፣ ጽዋውን ከእጃቸው ተቀብለው ሳይጠርጉ ጠጡና ለአሰፋ ሰጡት። አሰፋም አንገቱን ደፍቶ እንዲሁ ጠጣ። ከዚያ መሪጌታ ከደረታቸው አንዲት የኪስ ሰዓት አወጡ። ከጥምቀት ጀምሮ ቆማብኛለች፣ የኪዳን ጸሎት እያሳለፈችብኝ ነው፣ ላመጣት ብዬ ሰውን ፈርቼ ነበር አሉ።

ባሌ ሰዓቷን ተቀበሉ። እኔን ግን አላዩኝም።

ሦስት ቀን ተቆጥተውኝ ቆዩ። ሲቆጡ የሚጮኹ ቢሆን እችለው ነበር፣ እሳቸው ሲቆጡ ሰው ያከብራሉ። «እባክሽ ውኃ፣» «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል፣ እንደ ሩቅ ሰው። በአራተኛው ቀን ማታ ራት ላይ ጉርሻዬን እምቢ አላሉም።

«ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን አልጸለይሽም?» አሉኝ።

«መጀመሪያዋን አውቃታለሁ፣» አልኳቸው።

«በይ እስቲ።»

ብያቸው ሁለተኛው ቃል ላይ ጠፋብኝ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፣ ጀርባቸውን መታሁላቸው።

ክፍሏን ግን አልሠራም አሉ። ቀዳዳሽ ትኑርልሽ፣ ሰዓቶቹ እንደ ድሮው አልጋ ላይ ይሁኑ። አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ሆነና ስለምናቸው ሰነበትኩ፣ አልሰሙኝም። ግቢው የእኔ አይደል? የዐዚዛ ወንድም ኢስሓቅ ግንበኛ ነው፣ ሳልነግራቸው አስጠራሁት። ጠዋት ሲነሡ እዚያው ጥግ ላይ መሠረቱ ተለክቶ፣ ገመዱ ተወጥሮ አገኙት። በር በየት በኩል ላድርግልዎ ሲላቸው ኢስሓቅ፣ ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ፣ መስኮት ይቅደም፣ ብርሃን በግራ ይምጣልኝ አሉና ገመዱን ሊያስተካክሉ ጎንበስ አሉ። ወገቡን ያመመው ማን እንደነበር እንጃ።

ግንቡ የክፍሏን ጣሪያ እንዲሸከም ቀዳዳዋ መደፈን ነበረባት። ለግንበኛው አልተውኩትም። ድንጋዩን እኔ ከወዲህ ሰካሁ፣ ዐዚዛ ከወዲያ ጭቃውን ትመርጋለች፣ እያወራን። የጎረቤቷ የዐብላ ልጅ ልትታጭ ስትል ሽማግሌዎቹን በር ላይ ማን እንደመለሳቸው ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። ጭቃው እየጠበበ ሄደ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ፣ «እና የመለሳቸው ሰውዬ...» ብላ ልክ ስሙ ላይ ስትደርስ ተዘጋ።

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም የለም፣ እርጥብ ጭቃ ብቻ።

ነጠላዬን አነሣሁ። ባሌ ከኋላዬ፣ «የት ነው?» ሲሉኝ፣ ስም ልጠይቅ ነው አልኳቸው። በጠባቡ መንገድ ዞሬ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ በሯን አንኳኳሁ። ዐዚዛ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነ ከፈተችልኝ፣ ምንም አላነጠፈችልኝም፣ ምንም አላቀረበችልኝም። በሩ ላይ ቆመን ስሙን ነገረችኝ።