ግማሽ ሴንቲ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትር ከአንገቴ ስለማይወርድ ሠፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለኝ። በሃምሳ ዓመቴ ሩጫ ስጀምር ሠፈሩ ሳቀ፤ ይሳቅ። ሠላሳ ዓመት ከስፌት መኪና ጋር ተጣብቄ ስኖር፣ ሰውነቴ ከወገብ በላይ ብቻ መስሎኝ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ከድልድዩ እስከ ውሃ ታንከሩ ሳላርፍ ሮጬ ስደርስ አለቀስኩ። እኔ፣ ለቀብር እንኳ እንባ የሚቸግረኝ ሰውዬ! እንዲህ ያለ ደስታ በገዛ እግሬ ውስጥ ተኝቶ ሃምሳ ዓመት ሳላየው መኖሬ አሁንም ይገርመኛል።

ከዚያ ብልጠቴ ጉድ ሠራኝ። አንድ እሑድ እግሮቼን ለካኋቸው። ግራው በግማሽ ሴንቲ ያጥራል። ጉድለት አይቼ ማለፍ አልችልበትም፤ ኮሌታ የምናቆምበትን ድርቅ ያለ ጨርቅ ሦስት ድርብ አድርጌ ሰፋሁና ከግራ ስኒከሬ ተረከዝ ሥር ሸጎጥኩት። በራሴ ኮራሁ። በሁለተኛው ሳምንት የግራ ቅልጥሜ ላይ አንድ ቦታ ያቃጥለኝ ጀመር። «ይለምዳል» ብዬ ጭራሽ ርቀት ጨመርኩበት። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ደግፋኝ ሐኪም ቤት ገባሁ።

የአጥንት ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት።

«አባባ፣ ቅልጥምዎ ተሰንጥቋል» አለችኝ። «አባባ» ያለችኝ ከስንጥቁ ባልተናነሰ አመመኝ። ራጁ ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አሳየችኝ። ቀጥላ ጫማዬን ገለበጠችና ጨርቄን አወጣችው።

«ይሄን ማነው ያዘዘልዎ?»

«ማንም። ለክቼ ነው።»

«የማንም ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም እኮ። ሰውነትዎ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አስተካክሎ ይዞት ነበር። እርስዎ አፈረሱበት።»

ባለቤቴ ሳቋም ንዴቷም እየተናነቃት «እኔንም እንዳይለካኝ ንገሪልኝ» አለቻት።

ስድስት ሳምንት ሩጫ ተከለከልኩ። «ከዚያ ድጋሚ ራጅ እናነሳለን። ካልገጠመ ግን ሩጫውን ይርሱት» አለች ሐኪሟ።

«ይርሱት» የምትለዋ ቃል አብራኝ ሱቅ ገባች። መኪናውን በቀኝ እግሬ ብቻ እየረገጥኩ፣ ግራውን ሣጥን ላይ ሰቅዬ ስሰድበው ዋልኩ። ከሃዲ አልኩት። ደንበኛ ላይ ተነጫነጭኩ፣ ባለቤቴን አኮረፍኳት። እሷ ቁልፍ እየተከለች ቀና ትልና «አንተ ሰውዬ፣ አጥንትህን የሚገጥም ጌታ ምላስህንም አብሮ ያስተካክልልን» ትለኛለች። ፈርቼ ነበር፣ ሌላ አይደለም። በስተርጅና አንድ ደስታ ባገኝ፣ እሱንም በገዛ እጄ ሰብሬው እንዳይሆን ነበር የፈራሁት።

በአራተኛው ሳምንት አንድ መምህር ኮት ሊያሰፋ መጣ። ስለካው ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል። እንደ ልማዴ ምንም ሳልናገር ልዩነቱን ጨርቁ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። እጄ እዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትከሻው እኩል የሆነ ሰው ለክቼ አላውቅም! አንድም ቀን ግን ሰውየውን ላቃና ብዬ አላውቅም፤ ጨርቁን ነው እንደ ሰውየው የምቆርጠው። ራሴ ላይ ስደርስ ይህን ዕውቀት የት ጣልኩት? መምህሩ ሲሄድ በር ላይ ተቀምጬ መንገደኛውን ማየት ጀመርኩ። አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዷ እግሯን ወደ ውስጥ ትጥላለች፣ ሌላው አንገቱ ይቀድመዋል። አንድም እኩል የሆነ የለም፣ አንድም የሚወድቅ የለም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቀኑ ሲደርስ ሐኪሟ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። መስመሯ የነበረችበት ቦታ ነጭ ነገር አብጧል። ድንግጥ አልኩ።

«ተበላሸ አይደል?»

«ኧረ! አዲስ አጥንት ነው እኮ። ገጥሟል።»

«ምን አድርጋችሁለት?»

«እኛማ ምን አደረግን? ራሱ ነው የሠራው።»

መነጽሬን ጠርጌ ድጋሚ አየሁ። ያለ መርፌ፣ ያለ ክር። እኔ ስሰድበው፣ ሳኮርፍ፣ ስተኛ፣ እሱ ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ስፌት በዕድሜዬ አላየሁም።

«አንድ ደቂቃ ይሮጣሉ፣ ሁለት ደቂቃ ይራመዳሉ። ለዛሬ ከዚያ አይለፉ» አለችኝ ሐኪሟ።

ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ጭር ብሏል። ባለቤቴ ስልኳ ላይ አንድ ደቂቃ ሞልታ ከመነሻው ቆመች። ሮጥኩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቅልጥሜ ዝም። መሬቱን ስረግጠው መልሶ ሲያነሳኝ ተሰማኝ። ከሩቅ ስልኩ ሲጮህ እግሬ ቀጥል ቀጥል እያለኝ ቆምኩ። መሐል መንገድ ላይ ተንበረከክኩና ቅልጥሜን በሁለት እጄ ያዝኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።

ባለቤቴ የተሰበርኩ መስሏት ጮኸች። ቀና ስል ቦርሳዋን ጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየበረረች ትመጣለች። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ክርኖቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ግን አሯሯጧ! መነሳቱን ረስቼ እሷን ማየት ያዝኩ።

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም።»

ደረቷን ይዛ ስታለከልክ ቆየችና ወደ ኋላ ዞራ የመጣችበትን መንገድ አየችው።

«ቆይ፤ ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የሮጥኩት?»

«አንቺ ነሽ።»

ጫማዋን ልታመጣ ስትሄድ ተከተልኳት። የታዘዝኩትን ሁለት ደቂቃ አብረን ተራመድነው።