ከንጉሡ አጠገብ የተቀመጠው እንግዳ

እኔ ገና ከጅምሩ "ፈረሱ ላይ ኮርቻ ጨምረን እንገላገል" ብዬ ነበር። ማን ይስማኝ!

የዲዛይን አስተማሪያችን ወይዘሮ አርሻሉይስ የቡድን ሥራ ሰጡን። በቼዝ ላይ አንድ አዲስ ጠጠር መጨመር ነው። ቅርጹን መቅረጽ፣ ሕጉን መጻፍ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች በእሱ እስከ መጨረሻው ተጫውተው የፈረሙበትን ወረቀት ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ማስረከብ። "ያላለቀ ጨዋታ ይዞ የመጣ ዜሮ ነው" አሉ። "ጨዋታ የማያስጨርስ ጠጠር የመደርደሪያ ጌጥ ነው።" ሴትዮዋ ደግሞ ያሉትን አይለውጡም። አምና አንዱን ልጅ በአራት ደቂቃ መዘግየት ጥለውታል።

አምና የጣሉት እሱን ብቻ ቢሆን ምናለበት! እኔም ይሄንኑ ትምህርት ወድቄያለሁ። ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል። ተሰናብቼ የምሄደው ደግሞ ጊዩምሪ ከተማ አጎቴ ዘንድ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ የሟች ፊት ሲቀርጽ የሚውል ሰው ነው። "ሹሻኒክ፣ ቅንድብ ላይ ጎበዝ ነሽ" ይለኛል በስልክ። እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች ቅንድብ እየቆፈርኩ ማርጀት አልፈልግም።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነው። ኖራይር እጁ ወርቅ ነው፣ ያዩትን ሁሉ ከእንጨት ያወጣል። ቭሬዥ ግን ከምላሱ በቀር የሚሠራ ነገር የለውም። ሐሳቡም የእሱ ነው።

"ሁሉም ጠጠር ይገድላል፣ ይገደላል" አለ ቭሬዥ። "የማይገድል፣ የማይገደል እንፍጠር።"

"ታዲያ ምን ሊሠራ?"

"መጥቶ ይቀመጣላ።"

"እንግዳ በለኛ!" አለ ኖራይር።

እኔም ሞኝ ሳቅኩ። ሕጉን የጻፍነው ኖራይር ቤት ነው። እንግዳው የማንም ወገን አይደለም፤ ተራው የደረሰ ተጫዋች በፈለገው አቅጣጫ የፈለገውን ያህል ቤት ሊወስደው ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠበት ጠጠር ግን መንቀሳቀስ አይችልም፤ እንግዳውን ጥሎ የሚነሳ ማን አለ? በቃ፣ ጨረስን ብለን ወረቀቱን ስናጥፍ የኖራይር እናት የወይን ቅጠል በእጃቸው እንደያዙ ከማዕድ ቤት ብቅ አሉ።

"ሲሄድስ?"

"ማን?"

"እንግዳው ነዋ! ሲሄድ ማን ይሸኘዋል?"

"እማ፣ እንጨት እኮ ነው።"

"እንጨትስ ቢሆን? ብቻውን ከበር ሊወጣ? ሰው ቢሰማ እናቱ አላሳደገችውም ነው የሚለው!"

ምን ይደረግ፣ ሌላ ሕግ ጨመርን። እንግዳው ሲነሳ የተቀመጠበት ጠጠር ሦስት ቤት ተከትሎ ይሸኘዋል። ቭሬዥ "ንጉሡስ? አደጋ ላይ ቢወድቅስ?" ብሎ ጠየቃቸው። "ንጉሥ ስለሆነ ነው ጨዋነት የሚቀርበት?" ብለውት ተመለሱ።

ኖራይር ከአፕሪኮት እንጨት ቀረጸው። ቦርጫም፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ፣ የትም የማይቸኩል ሰውዬ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ተጫዋች መፈለግ አላስቸገረንም። የኖራይር ግቢ ውስጥ እንጆሪው ዛፍ ሥር አባባ ሜልኮንና አባባ ዛቬን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቼዝ ይጫወታሉ። አባባ ሜልኮን ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው፤ አባባ ዛቬን የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ረቡዕ ከሰዓት ጀመሩ። ሃያ ሁለተኛው እርምጃ ላይ አባባ ዛቬን እንግዳውን አንስተው ከአባባ ሜልኮን ንጉሥ አጠገብ ዱብ አደረጉትና ፂማቸውን ዳበሱ።

አባባ ሜልኮን እንግዳውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከገበታው ላይ አንስተው ደረታቸው ላይ አጣጠፉ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን።

"አባባ ሜልኮን፣ ተራው የእርስዎ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

"የታሰረው ንጉሡ ብቻ ነው። ፈረሱን ማንቀሳቀስ ይችላሉ እኮ።"

"ቤቴ እንግዳ ተቀምጦ እኔ በጓሮ ጦርነት ልክፈት? ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ፣ የኔ ልጅ?"

"እንግዲያው እንግዳውን ያንሱታ።"

"ላባርረው?!"

አባባ ዛቬንን ያግዙኛል ብዬ ዞር ብዬ አየኋቸው። "ልክ ነው" አሉ። "ገና መቀመጡ ነው፤ ምን ያጣድፈዋል?" ሠላሳ ዓመት ሲነታረኩ ኖረው የተስማሙት በእኔ ጨዋታ ላይ!

ሐሙስ ጠዋት ተመልሰን ስንመጣ ገበታው እንደነበረ ነው። የኖራይር እናት ላቫሽ በሚባለው ስስ ቂጣ የተጠቀለለ አይብ ለሽማግሌዎቹ አቅርበው፣ ከላቫሹ ጥፍር የምታህል ቆርሰው እንግዳው ፊት አስቀምጠዋል። ከፎቅ ከፎቅ ጎረቤት እየወረደ ሐሳብ ሰጠ። አንዱ "አልጠጣም እንዴ?" ብሎ በጠርሙስ ክዳን ቮድካ አቀረበለት። ከሰዓት በኋላ የበሰለ እንጆሪ ከዛፉ ወድቆ አናቱ ላይ ፈረጠና ፊቱ ቀላ። የኖራይር እናት አዩትና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"በቃ ሰክሯል። በዚህ ሁኔታ መንገድ አይወጣም።"

"እናንተ ሰዎች፣ አብዳችኋል?" ብዬ ጮህኩ። "እንጨት ነው! ከአፕሪኮት ነው የተሠራው! ነገ ዜሮ ልንቀበል ነው! እኔ ከትምህርት ቤት ልባረር ነው!" ጮኼም አልበቃኝ፣ አለቀስኩ። አባባ ሜልኮን መሐረባቸውን ሰጡኝ፤ ከልባቸው አዝነዋል። ፈረሱን ግን አላነሱም።

ቭሬዥ ለወይዘሮ አርሻሉይስ ደወለ። "ጨዋታው አንድ እርምጃ ነው የቀረው፤ መጥተው በዓይንዎ ይዩት" አላቸው። ውሸት ነው ማለት አይቻልም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ነጥብ መስጫ መዝገባቸውን ታቅፈው መጡ። "የታል ያ ጨዋታ?" ከማለታቸው አባባ ሜልኮን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በግቢው ውስጥ ትራስ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ነው።

"ይቀመጡ፣ እመቤት።"

"ለመቀመጥ አልመጣሁም።"

"አፈር ስሆን!"

"ሥራ አለብኝ አልኩ እኮ።"

"በሞቴ!"

ሦስተኛው ላይ ተቀመጡ። የኖራይር እናት የቶልማ ሰሃን ይዘው ከየት እንደመጡ አላውቅም። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት እርጎ የለበሰ። ወይዘሮ አርሻሉይስ አንድ ቀመሱ። ሁለተኛ ተጨመረላቸው። እኔ ስልኬን አያለሁ። አምስት ተኩል ሆነ። ሦስተኛውን በሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ። በጆሮዬ የአጎቴ መሮ ድንጋይ ሲመታ ይሰማኛል። ስድስት ከሩብ ላይ አፋቸውን ጠረጉና ወደ ገበታው ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ነው ጠጠራችሁ? ምን ነክቶት ነው የቀላው? ቀለሙን ማን ነው..." አሉና እንግዳውን በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጉት።

"ነኩት" አሉ አባባ ዛቬን።

"ምን?"

"በተጫዋቹ ወንበር ላይ ነዎት። ተራው የዚህ ወንበር ነው። የነኩትን ያንቀሳቅሳሉ።"

"እኔ ተጫዋች አይደለሁም!"

"የነካ ያንቀሳቅሳል!" አሉ የኖራይር እናት። ከበረንዳው ላይም "የነካ ያንቀሳቅሳል!" የሚል ጩኸት ወረደ። እኛ አገር ቼዝ ትምህርት ስለሆነ ይሄን ሕግ ሁለተኛ ክፍል ነው የምንማረው፤ ወይዘሮ አርሻሉይስም ተምረውታል። ፊታቸው ከእንግዳው ፊት ይልቅ ቀላ። እንግዳውን ወደ ፊት ወሰዱና በመናደድ አራት ቤት አርቀው አስቀመጡት።

የአባባ ሜልኮን ንጉሥ ሊሸኝ ተነሳ። ኖራይር እየቆጠረ አንቀሳቀሰው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ገበታው መሃል ላይ፣ ያለ አንድ ጠባቂ ቆመ። አባባ ዛቬን ግንቡን ገፋ አደረጉት።

"ቼክሜት" አሉ፣ በሹክሹክታ።

ሁላችንም አባባ ሜልኮንን አየን። ቆመው ነበር። ያቺን ጨዋታ ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቀዋታል፤ እሷንም ሰው መጥቶ በሁለት ጣት አስበላቸው። ከዚያ ለወይዘሮ አርሻሉይስ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጥሩ ነው የተጫወቱት፣ እመቤት" አሉ። "ቶልማ ይጨመርልዎት?"

ወይዘሮ አርሻሉይስ የጨዋታውን ወረቀት ሳብ አድርገው ከአባባ ዛቬን ፊርማ ጎን፣ ተሸናፊ የሚለው ላይ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙ። ጨዋታው ያለቀበት ሰዓት የሚለው ባዶ ነበር። ስልኬ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል። እሳቸው አምስት ሰዓት ከሃምሳ ብለው ጻፉ።

"ወይዘሮ አርሻሉይስ፣ ሰዓቱ እኮ..." አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ አፌን ማን እንደከፈተው አላውቅም።

"ሹሻኒክ፣ ዝም በይ።"

"እሺ።"

"ማለፊያ ነጥብ ነው የሰጠኋችሁ። ከዚያ አንዲት ነጥብ አልጨምርም። ሁለተኛ ይሄን ጠጠር ዓይኔ እንዳያየው።"

አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። እሳቸውን ማንም አቅፏቸው አያውቅም። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። "ልቀቂኝ፣ አንቺ ልጅ" ይላሉ፤ እኔ አልለቅም፤ እዬዬ እያልኩ አለቅሳለሁ። እሳቸው በአንድ እጃቸው ጀርባዬን እየደበደቡ በሌላው ሰሃናቸውን ለአባባ ሜልኮን ዘረጉ።

"እሺ፣ ይጨመርልኝ" አሉ።