የዝናሽ ዕረፍት

ሀብትነሽ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የሹፌሮች ማደሪያ አላት። አላት ማለት እንግዲህ ክፍሎቹ አሉ፤ ሹፌሩ የለም። ከሱዳን ጦርነት ወዲህ መኪናው ቀንሷል። ባሏ ከዚያ በፊት ሞቶባታል፣ እግዜር ልጅም አልሰጣትም። በቀን ውስጥ የሰው ድምፅ የምትሰማው ጠዋት ጠዋት ዝናሽ ስትመጣ ብቻ ነው።

ዝናሽ የጎጃም ልጅ ናት። ግማሽ ቀን እየሠራች አንሶላ ታጥባለች፣ ክፍል ትወለውላለች፤ ስትሠራ ደግሞ አፏ አያርፍም። የሰፈሩን ወሬ፣ የጉምሩኩን ወሬ፣ አገር ቤት ያለችውን የእናቷን ነገር ታወራለች። ሀብትነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰማታለች። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ያንኑ ወሬ ብቻዋን ታመነዥከዋለች።

መስከረም ላይ ዝናሽ፣ "እትዬ፣ ዕረፍቴን ይስጡኝና እናቴን አይቻት ልምጣ። አርጅታለች፤ ነይ ነይ ትለኛለች" አለቻት።

"የግማሽ ቀን ሠራተኛ ደግሞ ምን ዕረፍት አላት?" አለች ሀብትነሽ።

ነገሩን ለወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ለባህሩ ስታነሳለት ግን ሳቀባት። "ግማሽ ቀንም ሠራች ሙሉ ቀን፣ ሠራተኛ ሠራተኛ ነው እትዬ። ከነደመወዟ የማሳረፍ ግዴታ አለብዎት፤ ውለታ አይደለም" አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግዴታዋን አውቃለች። ማወቁ ምን ይረባል፤ ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ሰበብ አያጣም። "ሰሊጡ ይግባ" አለች፤ ሰሊጡ ገባ። "ገና ይለፍ" አለች፤ አለፈ። "እንግዳ ይመጣብን ይሆናል" አለች፤ የትኛው እንግዳ! እውነቱን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ዝናሽ ከሄደች አትመለስም ብላ ፈርታ ነው። ዝናሽም "እሺ እትዬ" እያለች አንሶላዋን ታጥባለች።

ሞት ግን የማንንም ሰበብ አይጠብቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዝናሽ ወንድም ውባንተ ለሀብትነሽ ደወለ።

"እናታችን ሞተችብን፤ ትናንት ቀበርናት። ለዝናሽ እንዳይነግሯት አደራ። መርዶ ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን አትምጣ። ዕረፍት ሰጥቼሻለሁ ይበሉና ይላኩልን፤ እዚህ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳታለን።"

ያን ቀን ሀብትነሽ እህል በአፏ አልዞረም። በማግስቱ ዝናሽ ገና እንደገባች፣ "ዕረፍትሽን ውሰጂ። ዛሬውኑ ሂጂ፤ ደመወዝሽም ይኸው" አለቻት።

ዝናሽ ባልዲውን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የሀብትነሽን ጉልበት ሳመች። "እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እናቴ ምርቃት ታውቅበታለች፤ እንዴት አድርጋ ትመርቅዎት ይሆን!" አለች። ወዲያው ወደ ኪራይ ቤቷ ሮጣ ጓዟን ሸክፋ ተመለሰች። ለእናቷ የገዛችውን የሱዳን ቶብ መጎናጸፊያ ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችው።

"ያምርባታል አይደል፣ እትዬ?"

"ያምርባታል" አለች ሀብትነሽ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ልናገር ብትል አደራው አለ፤ ዝም ብትል ምርቃቱ አንጀቷን ያቃጥላታል። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እንባዋ አመለጣት። ዝናሽ በመስኮቱ እጇን ሰድዳ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"ምን ያስለቅስዎታል፣ እትዬ? እናቴን አይቻት እመለሳለሁ እኮ።"