ጠያቂ የማይገባበት ግቢ

ለእድራችን አባላት በሙሉ! የትልቁ ድስት ክዳን ከሐዘን ቤት ወደ ሐዘን ቤት ሲዘዋወር ከነክብሩ መሰወሩን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው። ክዳኑን ያየ፣ የሰማ፣ ወይም ጫጩት የደፋበት አባል በአስቸኳይ እንዲያስረክብ በጥብቅ እናሳስባለን!

ይህን ያረቀቀው የእድሩ ጸሐፊ ደሞዜ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይሆንለታል። «የታመመ ያልጠየቀ ይቀጣ» የሚለውን አንቀጽ የጻፈው እሱ ነው። «ጠያቂን ከደጁ የመለሰ ከእድር ይሰረዝ» የሚለውንም፣ ማን ጠያቂ ይመልሳል ብሎ፣ ለደንቡ ማሳመሪያ ያህል የጨመረው እሱ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከእድር የተሰረዘ ሰው መሞትም ይቸግረዋል፤ ማን ይቀብረዋል?

አሁን ያው ደሞዜ የቆርቆሮ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። ይቀመጥና ሳይሞቀው ይነሣል። መንገድ ላይ ሰው ባሳለ ቁጥር ይደነግጣል።

ጓዳ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጁ መክሊት ከእናቷ ከፍሬሕይወት ጋር አለች። መክሊት በየወሩ የሰው ደም ካልተሰጣት የማትቆም ልጅ ነበረች። በሽታው ከአባቷም ከእናቷም በዘር የመጣ ነው፤ ሁለቱን ምንም ሳያደርግ እሷ ላይ ሲገናኝ ደሟን አበላሸው። አክስቷ ውቢት አረብ አገር ሐኪም ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር፣ በአሠሪዋ በኩል ለአዲስ ሕክምና ሙከራ አስመዘገበቻት። እዚያ ደም የሚያመርቱትን ግንደ ህዋሶች ከራሷ ለቅመው፣ የተበላሸውን ዘረመል አቃንተው፣ መቅኔዋን በከባድ መድኃኒት ባዶ ካደረጉ በኋላ መልሰው ዘሩባት።

«አዲስ ማሳ በላት» ብላ ነበር ውቢት ስታስረዳው። «ቡቃያው እስኪጠና ከብት ድርሽ እንዳይል!»

ከብቱ እንግዲህ ሰው ነው፤ በሽታ መቋቋሚያዋ እስኪመለስ ጉንፋን እንኳ ሊገድላት ይችላል። የእድሩ ሰው ደግሞ ሰሞኑን የጉና ተራራ ብርድ መትቶት እያሳለ ነው።

ለምን አይናገርም? ትልቋ ልጁ የምስራች ለአንበሳሜ ከተማ ልጅ ታጭታለች። «በዘር» የምትል ቃል ከዚህ ግቢ ከወጣች፣ ያለ መኪና አንበሳሜ ትገባለች። «እጮኛዬ ከሥልጠና ሲመለስ እኔው እነግረዋለሁ፣ አብረንም እንመረመራለን» ብላዋለች። «የኔ ነገር ነው አባዬ፤ ከእድሩ አፍ እንዳይሰማው።» ቃሉን ሰጥቷታል። «ተላላፊ ነው» ብሎ ለመዋሸትም ዳድቶት ነበር። ግን ባለፈው ዓመት ተላላፊ የያዘው ጎረቤት ቤት ሕዝቡ የጎረፈው በእጥፍ ነው፤ ሁሉም መድኃኒት ያውቃላ!

የእነ ደሞዜን ከውጭ መመለስ ሰምተው ልጅቱን ሊጠይቁ መጀመሪያ እትዬ ትርንጎ ደረሱ።

«ደሞዜ! ክፈት እንጂ፣ ዶሮዋ ከእጄ ልታመልጥ ነው!»

«እትዬ፣ ዛሬ አይመችም።»

«ለኔ ነው ለዶሮዋ?»

«ለሁለታችሁም።»

«ወይ ጉድ! ባሕር ተሻግራችሁ መጣችሁና እኛ ሸተትናችሁ?»

ከኋላቸው አንዱ «ወርቅ እየመዘኑ ይሆናል» አለ። ሳቅ ሆነ።

«አባዬ» አለች መክሊት ከጓዳ፣ «እትዬ ትርንጎ ናቸው? ይግቡ እንጂ!» ሰው ከናፈቃት ወራት አልፈዋል። ደሞዜ የሰማ አልመሰለም፤ እጁን ሊታጠብ ሄደ፣ ሳይታጠብ ተመለሰ።

ከዚያ የእድሩ ዳኛ አያ ሙላቴ ሽማግሎች አስከትለው መጡ። ሳላቸው ቀድሟቸው ደረሰ።

«ደሞዜ!»

«አቤት አያ።»

«አንቀጹን የጻፍኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«አላነበብኸውም?»

«ጻፍሁት እንጂ አላነበብሁትም።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አያ ሙላቴም ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸውና ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ደሞዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ያባትህን ቃሬዛ የተሸከምሁ ሰው ነኝ። የልጅቱን ግንባር ስሜ ልመለስ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ይኸኛው ከስድቡ ሁሉ ከበደው። እጁ ሳያስበው መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። አዛውንቱ እንደገና ሳሉ፤ ከደረት የሚነሣ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳል። እጁን አነሣ።

«አልከፍትም፣ አያ።»

ዶሮዋ ብቻ ትንጫጫለች።

«እንግዲያስ ምክንያትህን ንገረን» አሉ አያ ሙላቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምክንያት ያለው ሰው አይሰረዝም። እኔው እቆምልሃለሁ።»

ደሞዜ ዘወር ሲል የምስራች ደፉ ላይ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ትንሽ ተመለከታትና ከኮቱ ኪስ የእድሩን ማኅተም አውጥቶ በአጥሩ ላይ አሻገረላቸው።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማኅተሙ ነው። መሰረዣውን ሲጽፉ ያስፈልግዎታል።»

«ምክንያቱንስ ምን ብለን እንጻፈው?»

«አልናገርም።»