ስም በመርፌ

ለመሆኑ፣ አንድ ፍጡር ስም እንዲወጣለት መጀመሪያ መሞት አለበት ብሎ የፈረደው ማን ነው? እናንተ ናችሁ?

ጡረታ የወጣችው ልብስ ሰፊ አልፈረደችም። ዐርባ ዓመት ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሾለከ ዐይኗ፣ በጓሮዋ የሎሚ ዛፍ ቅጠሎች ሥር አሥራ አንድ አረንጓዴ ባለክንፍ ነፍሳት አገኘ። ከጥፍር አይበልጡም፤ ክንፋቸው የሙሽራ ዓይነ ርግብ ይመስላል፤ ቢተነፍሱባቸው የሚቀደዱ ናቸው። በስልኳ ካሜራ ላይ አጉሊ መነጽር በፕላስተር ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ ታነሳቸዋለች። ከዚያ ፎቶውን አስፍታ የክንፋቸውን ጅማቶች እንደ ስፌት ትቆጥራለች። ስለ ነፍሳት በገዛችው መጽሐፍ ያሉት ዘመዶቻቸው በክንፋቸው ጫፍ ሁለት ረድፍ ጅማት አላቸው። የሷዎቹ አንድ ብቻ።

አብራት የምትኖረው ልጇ ለጎረቤት፣ የሰው እናት ልጅ ትድራለች፣ የኔዋ ዝንብ ትድራለች እያለች ታስቃለች።

ፎቶዎቹን ይዛ ሙዚየም ሄደች። የነፍሳት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ዶክተር የሚለው ሰው፣ ይቀመጡ እንኳ ሳይላት ገረፍ አድርጎ አየና በሠራተኞቹ ፊት፣

«እማማ፣ ይቺማ የተለመደችው ናት። ጅማት ቆጠራውን ለኛ ይተዉልንና እርስዎ ቁልፍዎን ይትከሉ» አላት።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ ግን እልኸኛ ናት። ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥምና ሁሉን በደብተር አስፍራለች፤ አሥራ አንዱም በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በስንተኛው ቅጠል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያርፉ። ያምነኛል ብላ ፎቶዎቹንና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ዶክተሩ በሩን ዘግቶ ጅማቶቹን ከፎቶው ላይ እንደ ቆጠረ ከጽዳት ሠራተኛዋ የሰማችው ኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ዐይኗን ልትታይ ክሊኒክ ሄደች። ስትመለስ ልጇ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት። ዶክተሩ የነፍሳት ማጥመጃ መረቡን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ደብተሩን እያየ ከቅጠል ቅጠል ሄዶ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ተመለሰ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው እማዬ፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልቀነጠሰም። ዝንቦችሽን አንድ ሳያስቀር ለቀመልሽ፤ ተገላገልሽ።»

ሎሚው ሥር ሁለት ሳምንት ተንበረከከች። ምንም የለም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይሏል ይሄ ነው።

በወሩ ሙዚየሙ አዲስ ግኝት ሊያስመርቅ እንግዶች ጠራ። ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራ ገባች። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ መርፌ ቆሟል። ሁሉንም አወቀቻቸው፤ ግራ ክንፏ ሸረፍ ያለባትን፣ ሌሎቹን እያባረረ የሚያስቸግረውን፣ እንቁላል ያረገዘችውንም፣ ወገቧን ተበስታ። ሊቅነት በወጉት መርፌ ብዛት የሚለካ ከሆነ እሷን የሚያህል ሊቅ በአዳራሹ አልነበረም። ከሥር ወረቀት ተለጥፏል፤ አግኚ፣ ዶክተሩ። ለባለክንፏ የወጣላት ስም፣ የዶክተሩ ሚስት ስም። በመጨረሻም፣ እጅግ ብርቅዬ በመሆኗ ጥበቃ ያስፈልጋታል ይላል።

ዶክተሩ ከመድረክ ሲያያት አልደነገጠም። ጓሯቸውን ለሳይንስ ስለፈቀዱልን እናታችን በጭብጨባ ይመስገኑልን አለ። አዳራሹ አጨበጨበላት። እሷ ግን እያነከሰች ደረጃውን ወጥታ ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደችው።

«ጭብጨባውን ያቆዩልኝ። ፎቶው በእጅዎ ነበር። ደብተሩ በእጅዎ ነበር። ሌላ ዝርያ መሆኗን ቆጥረው አረጋግጠዋል። ታዲያ ያቺን ያረገዘችውን እንኳ ያልተዉልኝ ለምንድን ነው? ቢሮዬ ይምጡ እንዳይሉኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ይመልሱልኝ።»